ጥሩሰው፣ ሽጉጡ እና ፎጣው

ጥሩሰው ወልደየሱስ ሽጉጥ ሊገዛ ነው የሚለው ወሬ ነገሌ ውስጥ ሲሰማ፣ ቀድመው የሳቁት የሚወዱት ሰዎች ናቸው። ጠላት ስላልነበረው ሌላ የሚስቅበት ሰው ማግኘትም ያስቸግር ነበር። ጥሩሰው ውሻ ካየ መንገድ የሚቀይር ሰው ነው። ነጎድጓድ ሲመጣ መስኮቱን ዘጋግቶ፣ ምንም ያልፈራችውን ሚስቱን «አይዞሽ» ይላታል። ለፋሲካ ዶሮውን የሚያርድለት ጎረቤቱ ቀጄላ ነበር። ቀጄላ ቢላዋውን ስሎ ብቅ ሲል፣ ጥሩሰው ድንገት ከሱቅ የሚገዛው ነገር ትዝ ይለውና ይወጣል። ሲመለስ ዶሮዋ ድስት ውስጥ ናት፤ ከዚያ በኋላ ባለው ነገር ግን ጥሩሰው ከማንም አያንስም ነበር።

የተወለደው ከጦር ካምፑ ጀርባ በተደረደሩት የቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ነው። አባቱ የመቶ አለቃ ወልደየሱስ በወታደርነት ከጎጃም መጥተው ነገሌ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እናቱ የቦሬ ሴት ነበሩ። በሰፈሩ የሌለ የአገር ልጅ አልነበረምና፣ ጥሩሰው ኳስ ሜዳ ላይ በየቋንቋው እየተሰደበ አደገ። ከሁሉም ኦሮምኛው አፉ ላይ ጣፈጠ፤ ኋላም እንጀራ የሆነለት እሱ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜው ከብት ገዢ ሆኖ ተቀጠረ፤ ጸጉሩ መሸበት ሲጀምርም ያው ከብት ገዢ ነበር።

ይህ ሰው አንድ የሚኮራበት ነገር ነበረው፤ እሱም እጁ ነው። በቆላው የከብት ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ ተያይዘው ፎጣ ያለብሱበታል፤ ከፎጣው ስር ጣት እየተጨበጠ፣ ጣት እየታጠፈ ዋጋው ይነገራል። መዳፍን ቧጨር ማድረግ ደግሞ «አሁንስ አበዛኸው» ማለት ነው። ዙሪያውን የቆመው ሰው የሚያየው የሁለቱን ፊት ብቻ ስለሆነ፣ ደላላ ሁሉ ፊት ማንበብ ይማራል። የጥሩሰው ፊት ግን ሁልጊዜ የተጨነቀ ስለነበር ምንም አይነበብበትም። እጁ ደረቅና ሞቃት ነበር። አንዴ የጨበጠውን ዋጋ፣ ገበያው ቢወድቅም ከብቱ ቢታመምም፣ አልጨበጥኩም ብሎ አያውቅም። አርብቶ አደሮቹ ይህን ስለሚያውቁ፣ ድርቅ ሲገባ ከብታቸውን ያለ አንዳች ቅድመ ክፍያ ያስረክቡትና ተሸጦ ብሩ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። መሥሪያ ቤቱ የቆመው በዚህ ነው። ጥሩሰውም ቢሆን ከዚህ ሌላ ሰው የሚያከብርለት ነገር እንደሌለው በደንብ ያውቅ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ «ሰባት ግራር የከብት ንግድ ማህበር» ይባላል። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ተለውጦ አቧራው ሰከን ሲል፣ አባ ዳባሶ የተባሉ ሽማግሌ ስድስት ሰው ሰብስበው ግራር ስር ያቋቋሙት ነው። አባ ዳባሶ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከማንም ጋር እጅ ከመያያዛቸው በፊት «ከፎጣው ስር ምን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰውየው «ናጋ ብቻ» ይላል፤ ሰላም ብቻ ማለቱ ነው። ከዚያ እሳቸውም በተራቸው ተጠይቀው እንዲሁ ይመልሳሉ። ልማዱ ከእሳቸው ወደ ማህበሩ፣ ከማህበሩ ወደ ደንበኞቹ ተጋባ። የሰባት ግራር ሰው መሆንህ የሚታወቀው በዚህ ጥያቄ ነበር።

የማህበሩ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ቦጋለች አንድ ጊዜ ሐዋሳ ለስልጠና ሄደው «እሴት» የሚል ቃል ይዘው ተመለሱ። ድርጅት ያለ እሴት አይሆንም፣ ግድግዳ ላይ መሰቀልም አለበት ተብለው ነበር። አባ ዳባሶ ያኔ በሕይወት ነበሩና፣ እሴታችን ምንድን ነው ብለው ሄደው ጠየቋቸው። ሽማግሌው ብዙም አላሰቡበትም፤ «ገበያ የምንወጣው በሰላም ነው። ከፎጣው ስር ያለውን እንናገራለን» ብላችሁ ጻፉ አሉ። ሰሌዳ ጻፊው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በሰማያዊ ቀለም ደምቆ እንዲታይ ብሎ በትልልቁ ጻፈው። ለሁለተኛው ቦታ ስላነሰው ከታች በኩል አጨናንቆ ጨረሰው። ሰሌዳው ከወይዘሮ ቦጋለች ወንበር በላይ ተሰቀለ። ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ ሁሉም በየዕለቱ ያየዋል፤ ያነበበው ግን የለም።

እንዲህ እያለ፣ ከነገሌ ወደ ወደራ በሚወስደው መንገድ ላይ የሌላ ድርጅት ከብት ገዢ ተዘረፈ። ሰውየውን አልመቱትም። ብሩን፣ ጫማውንና ሱሪውን ወስደው፣ በሰላም ግባ ብለው ሸኙት። ነገሌ የገባው አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ አዝና ባበደረችው ቀሚስ ነው። ከተማው ለሳምንት ሳቀ። ጥሩሰውም ከሰው ጋር ሳቀና ቤቱ ሲገባ ራቱን መብላት አቃተው። እሱም በየሳምንቱ ኤላ ዲማ ወደምትባለው የቆላ ገበያ የማህበሩን ብር በጨርቅ ከረጢት ይዞ ይሄዳል። እዚያ ባንክ የለም፤ በቼክ በሬ የሚሸጥ ሰውም የለም። እስከዚያ ቀን ድረስ ከረጢቱን አቅፎ በመኪናው ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ነበር የሚሄደው። ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለው።

ሚስቱ ሀይማኖት ልብስ ሰፊ ናት፤ ነገር አታንዛዛም። «ለአንተ ከፈን ከምሰፋ ለሽጉጥ ኪስ ብሰፋ ይሻለኛል» አለችው። ጥሩሰው ሽጉጥ የሚለውን ቃል ከሚስቱ አፍ ሲሰማ ደነገጠ። ከድንጋጤው ስር ግን ትንሽ ደስ ያለው ነገር ነበር፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረም።

ጉዳዩ ለማህበሩ ጉባኤ ቀረበ። የሂሳብ ሹሙ እስራኤል፣ ወጣትና ቶሎ የሚሞቀው ሰው ነውና፣ ማህበሩ ራሱ ሽጉጥ ገዝቶ ለገዢው ይስጥ አለ። ገበያ በሰላም እንወጣለን ካልን ሰላሙን የሚጠብቅ ነገር ያስፈልጋል ብሎ ተከራከረ። ከመሥራቾቹ የቀሩት ኦቦ ፋይዳ ደግሞ ሰሌዳው የሚለው በሰላም ነው እንጂ በጥበቃ አይደለም አሉ። ታጥቆ የመጣ ገዢ ሰላም ይዞ መጣ ይባላል ወይስ አይባልም በሚለው ላይ ምሳ እስኪቀዘቅዝ ተፋጩ። ጣታቸውን ወደ ሰሌዳው እየቀሰሩ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ተረጎሙት። ከስር የተጨናነቀውን ግን ዓይኑን አጥብቦ ያየ አልነበረም። በመጨረሻ ወይዘሮ ቦጋለች ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉና ፍርድ ሰጡ።

«ማህበሩ ሽጉጥ አይገዛም፤ እሴት አለን። ጥሩሰው ግን የማህበሩ ብቻ አይደለም፣ የሀይማኖት ባልም ነው። እሱ እንደ ህሊናው ያድርግ።»

ሁሉም በፍርዱ ተደሰተ። ጥሩሰው ብቻ ህሊናውን ተሸክሞ ወጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ህሊናው ምንም ጠይቆት አያውቅም፤ አብረው በሰላም ነበር የኖሩት። አሁን አንዴ ሽጉጥ የያዘ ሰው አንድ ቀን መተኮሱ አይቀርም ይለዋል፤ አንዴ ደግሞ የሰው አደራ ይዘህ ባዶ እጅህን የምትሄደው ሌባውን ልትጋብዝ ነው ወይ ይለዋል። ሁለቱም እውነት ይመስሉታል። በመሃል ገበያ ላይ ተጨባብጦ የሚያድረው እሱ ስለሆነ፣ የኤላ ዲማውን ሽማግሌ ኦቦ ዋሪዮን የመሰሉ ደንበኞች ምን ይሉኛል የሚለውም ነበር። እነሱ አያዩትም ብሎ አለፈው።

ነገሩን ወደ አባቱ ወሰደው። የመቶ አለቃ ወልደየሱስ ጦሩ በተበተነ ጊዜ መሣሪያቸውን ካምፑ በር ላይ ከተከመረው ላይ ጣል አድርገው፣ በእግራቸው ቤታቸው የገቡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ሬዲዮ ይጠግናሉ። ጥሩሰው ሲደርስ አንዱን ፈትተው ሆድ ዕቃውን ጭናቸው ላይ ዘርግተውት ነበር። ነገሩን ሲነግራቸው ቀና አላሉም።

«ሙሉ ጉብዝናዬን መሣሪያ ይዤ ኖሬያለሁ» አሉ። «ወለወልኩት፣ ዘይት ቀባሁት፤ ዝናብ ሲመጣ እኔ እየበሰበስኩ እሱን በሸራ ጠቀለልኩት። እኔ እሱን ስጠብቅ ኖርኩ እንጂ፣ እሱ እኔን የጠበቀኝ ቀን ትዝ አይለኝም።»

ጥሩሰው እንግዲያው አትግዛ እያሉኝ ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እኔ ምን አውቄ፣ መንገዱን የምትሄደው አንተ ነህ ብለው ወደ ሬዲዮአቸው ተመለሱ። ህሊናውን ለማህበሩ ቢሰጠው መለሰለት፤ ለአባቱ ቢሰጣቸው መለሱለት። ተቀባይ ሲያጣ ይዞት ቤቱ ገባ።

እውነቱን ለመናገር፣ በመጨረሻ የወሰነለት ህሊናው ሳይሆን ቀሚሱ ነው። አንድ ጠዋት በአስፋልቱ ዳር ሲያልፍ ያቺን ሽንኩርት ነጋዴ አያትና፣ እሱ ራሱ በእሷ ቀሚስ ነገሌ ሲገባ፣ ቀጄላም በሩ ላይ ቆሞ ሲቀበለው ታየው። በዚያው እግሩ ሻምበል ፀጋአብ ጋ ሄደ። ሻምበሉ ጡረታ የወጡ፣ ልጃቸው ጋ ሐዋሳ ለመኖር ዕቃ የሚሸጡ ሰው ነበሩ፤ ቁም ሳጥናቸውን፣ አልጋቸውንና ፈቃድ ያላት ማካሮቭ ሽጉጣቸውን አብረው ነበር ያወጡት። ቁም ሳጥኑን ሌላ ሰው ቀድሞ ይዞታል።

ስሙን ለማዛወር ፖሊስ ጣቢያ ሲቀርቡ፣ መዝጋቢው ሃምሳ አለቃ ሽጉጡን የፈለገው ለምን እንደሆነ ጠየቀው። ጥሩሰው አሰብ አደረገና «እንዳልተኩስበት» አለ። ሃምሳ አለቃው ለራስ መከላከያ ብሎ መዘገበው። ሻምበል ፀጋአብ ከከተማ ወጣ አድርገው ከኩይሳዎቹ መሃል አንድ ጥይት እንዲሞክር አደረጉት። ጥሩሰው ዓይኑን ጨፍኖ ተኮሰ። ሻምበሉ ከወደቁበት ተነሥተው አቧራቸውን እያራገፉ፣ ሌባ ካጋጠመው ሽጉጡን አሳይቶ እንዲያቆም፣ ይህም ለሌባውም ለእሱም ለመንገደኛውም እንደሚሻል መከሩት።

ሀይማኖት ቃሏን ጠበቀች። ከወፍራም ካቦርቱ ውስጥ፣ በቀኝ በኩል ከሆዱ በታች፣ ጠንካራ ኪስ ሰፋችለት። ሽጉጡ ቤት ሲገባ ግን እሷም እንደሱ መሆን ጀመረች። አንድ ቀን ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ አንድ ቀን ከበርበሬው ጀርባ፣ አንድ ቀን ደግሞ ከአሮጌ መጋረጃ ጋር ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች። ጠዋት ሁለቱም ሲፈልጉት መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ ይጠብቃል።

ከተማው ሁሉ ያወቀው በመጀመሪያው ቀን ነው። በየካቲት፣ የነገሌ ጸሐይ ቆርቆሮ በሚያጋግልበት ወር፣ ካቦርት ለብሶ የሚሄድ ሰው ወይ ታሟል ወይ ታጥቋል። ጥሩሰው ደግሞ እባጭ እንዳለበት ሰው ወደ አንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ መሄድ ጀመረ። ሕጻናት ከኋላው አካሄዱን ይቀዱታል። ቀጄላ አጥሩን ተደግፎ፣ የዘንድሮን ዶሮስ ራስህ ትጨርሳታለህ አለው። ጥሩሰው ይህን ሁሉ ቻለው። ያልቻለው ሌላ ነገር ነበር፤ እጁ ማላብ ጀመረ። ገበያ ላይ ከፎጣው ስር ዋጋ ሲነጋገር ሃሳቡ ኪሱ ጋ ነው፣ ዓይኑ ከሰዎቹ ጀርባ ነው፣ መዳፉ ደግሞ እርጥብ ነው። የኤላ ዲማ ደላሎች ጥሩሰው ታመመ ወይ እየተባባሉ ነበር።

ከከተማው ወሬ ርቀው የሚኖሩት ኦቦ ዋሪዮ ብቻ ምንም አልሰሙም። ከኤላ ዲማ አልፎ ካለው ሜዳ፣ ገበያ የሚወጡት ሲያስፈልጋቸው ብቻ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። የአባ ዳባሶ የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። ባለፈው ድርቅ በረታቸውን ሁሉ ያለ ምንም መያዣ ለጥሩሰው ያስረከቡት እሳቸው ናቸው፤ ሌሎቹም የእሳቸውን አይተው ነው የተከተሉት። በዚያ የካቲት ቀን አንድ ግዙፍ ቡላ በሬ እየነዱ መጡ።

ሰላምታው እንደ ወትሮው ረዘመ። አካም፣ ናጋ፣ ከብቱስ ናጋ፣ ልጆቹስ ናጋ፣ ውኃውስ፣ ሳሩስ፣ አባትህስ እያሉ ተጠያየቁ፤ ሁሉም ናጋ ሆነ። ሰዉ ቀለበት ሠርቶ ቆመ። ኦቦ ዋሪዮ ፎጣቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ከፎጣው ስር ምን አለ?» አሉ።

«ናጋ ብቻ» አለ ጥሩሰው።

አፉ ነው ያለው። ለዓመታት ሲለው ኖሯል፤ ቃሉን ከመውጣቱ በፊት መርምሮት አያውቅም። ተያያዙ። ኦቦ ዋሪዮ ጣት ያዙ፣ ጥሩሰው አጠፈ፣ እሳቸው መዳፉን ቧጨሩት፣ እሱ ጨመረ። ሊስማሙ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ጥሩሰው ገዢ እንደሚያደርገው የሽማግሌውን እጅ ይዞ ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። የኦቦ ዋሪዮ እጅ ከካቦርቱ ጋር ተጋጨ። የጣታቸው መገጣጠሚያ ሀይማኖት የሰፋችው ኪስ ላይ፣ ከጨርቁ ጀርባ ካለው ብረት ላይ አረፈ።

ፊታቸው አልተለወጠም። ምን እንደነካቸው ለማረጋገጥ አንዴ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። ከዚያ እጃቸውን አወጡ፣ ፎጣውን አራገፉ፣ አጥፈው ትከሻቸው ላይ መለሱት። ዙሪያ የቆመው ሰው ዋጋ የፈረሰ መስሎት ሊበተን ሲል፣ ሽማግሌው ጮክ ሳይሉ ተናገሩ።

«ጥሩሰው፣ እኔም ቤት መሣሪያ አለ። ጅብ አለ፣ ሌባ አለ፣ ሰው ይይዛል። እሱ አይደለም። ምን አለ ብዬ ጠየቅኩህ። ብረት አለ ብትለኝ፣ እሺ ብዬ እሸጥልህ ነበር።»

በሬያቸውን ወደመጣበት አዞሩት። ቦረናው ሲለያይ «ናጋቲ» ይላል፤ ደህና ሁን ነው። ኦቦ ዋሪዮ ናጋቲ ሳይሉ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ለጥሩሰው እጁን የሰጠ ሰው አልነበረም። የተቆጣም የለም፤ ዛሬ ገበያው ደክሟል፣ በሬውን ልጄ አትሽጥ አለኝ፣ ሌላ ቀን ይሁን እያሉ በትህትና ሸሹት። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ጥሩሰው ከረጢቱን አቅፎ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ። በመንገዱ ላይ ሌባ አልወጣም። ቢወጣ ደስ ባለው፤ ቢያንስ ሽጉጡ ለምን እንደተገዛ ለራሱ ማስረዳት ይችል ነበር።

በማግስቱ ቢሮ ገብቶ የሆነውን አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ወይዘሮ ቦጋለች ወንበራቸው ላይ ዞረው ሰሌዳውን አዩ፤ መነጽራቸውን አደረጉና ተጠጉት። «ከፎጣው ስር ያለውን እንናገራለን» ብለው አነበቡ፤ ከተሰቀለ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እንደመቀመጥ ብለው፣ ያን ቀን ምሳችንን አቀዝቅዘን የተከራከርነው በማያጣላን መስመር ላይ ነበር አሉ። አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር፤ የእሳቸው ማፈር የእሱን ጨመረበት።

ጥሩሰው ይዞ ሲያሰላስለው ሽጉጡ ራሱ ያን ያህል አልከበደውም። የከበደው ያቺ «ናጋ ብቻ» ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ ለመያዝም ለመተውም ከህሊናው ጋር ሲሟገት የነበረው ሁሉ አንድም ቀን ይህችን አላነሳም። ልያዝ ወይስ አልያዝ ብሎ ተጨነቀ እንጂ፣ ከያዝኩ እናገራለሁ ወይ ብሎ ራሱን አልጠየቀም። መናገር ቢኖርበት ደግሞ እንደማይዘው አወቀ። ሽጉጡን የገዛው ሌባ እንዲያየው ነበር፤ ወዳጅ እንዳያየው ሲደብቅ ከርሞ ሌባ ሳያየው ቀረ።

ሊመልሰው ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ አባቱ አብሬህ ካልሄድኩ አሉ፤ የድሮ ቡትስ ጫማቸውን ሳይቀር ቀብተው ነበር። ያው ሃምሳ አለቃ ጉዳት አድርሰህበታል ወይ ብሎ ጠየቀው። ጥሩሰው አልተኮስኩበትም፣ አንድ ሽማግሌ ግን ጎድቼበታለሁ ብሎ መለሰ። ሃምሳ አለቃው ከወንበሩ ተነሥቶ በር ዘጋ። የመቶ አለቃ ወልደየሱስ ነገሩን እስኪያስረዱ፣ ሃምሳ አለቃውም የሰው ልብ መጎዳት የሚመዘገብበት ቦታ እንደሌለ እስኪያስረዳ ድረስ ረፋዱ አለፈ። ሽጉጡ እዚያው ቀረ። ሲመለሱ አባቱ መሣሪያቸውን ካምፑ በር ላይ የጣሉ ዕለት እንደዚህ ቀለል ብሏቸው እንደነበር ነገሩት። እሱን ግን አልቀለለውም፤ የሚቀለው ሌላ ቦታ ነበር።

መንገዱ ያው መንገድ ነው። ከሌሎች ድርጅቶች ገዢዎች ጋር ተነጋግረው መኪናዎቹ ተከታትለው መሄድ ጀመሩ፤ ያም ቢሆን ጥሩሰው ከረጢቱን አቅፎ በየመታጠፊያው መጸለዩን አልተወም። ሀይማኖት የካቦርቱን ኪስ ፈትታ ጨርቁን ለሌላ ሥራ አዋለችው። ኤላ ዲማ ሲደርስ ሰው በሩቁ ሰላም ይለዋል፤ ፎጣ ግን የሚዘረጋለት የለም። ሌሎቹ የኦቦ ዋሪዮን ውሳኔ እየጠበቁ ነበር። ጥሩሰውም እሳቸውን ይጠብቃል፤ በየገበያው የሚመጡበትን አቅጣጫ ሲያይ ውሎ ባዶውን ይመለሳል። ማህበሩ ሌላ ገዢ ስለመቅጠር ሹክሹክታ ጀምሮ ነበር።

ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ መጡ። ቡላው በሬ ከየካቲቱም ሰብቷል። ኦቦ ዋሪዮ ሌሎች ገዢዎችን አልፈው መጥተው ፊቱ ቆሙ። ሰላምታው ረዘመ፤ ሁሉም ናጋ ሆነ። ሰዉ ቀስ እያለ ተሰበሰበ። ሽማግሌው ፎጣቸውን አወረዱ፤ አልዘረጉትም።

«ከፎጣው ስር ምን አለ?» አሉ።

የጥሩሰው አፍ የለመደውን ሊል ተከፈተና ተዘጋ። በወጪ ወራጁ ፊት መናገሩ አሳፈረው፤ ቀጄላ ቢሰማ ለፋሲካው ምን እንደሚለው እንኳ ታየው።

«ብረት የለም» አለ። «ፍርሃት ግን አለ። መንገዱን ፈርቼ ነው የመጣሁት። አሁን ደግሞ አንቱን እየፈራሁ ነው።»

ከሰዉ መሃል አንድ ሁለቱ ሳቁ። ኦቦ ዋሪዮ አልሳቁም፤ ወጉ አልተፈጸመምና መጠየቃቸውን ይጠብቃሉ። ጥሩሰው ገባው።

«ከአንቱስ በኩል ምን አለ?»

ሽማግሌው ፎጣውን በእጃቸው አገላበጡ።

«ናጋ አለ» አሉ። «ትንሽ ቂም አለ። እሱን ከዋጋው ላይ እጨምረዋለሁ።»

ፎጣውን ዘረጉና እጃቸውን ከስሩ ሰደዱ። የያዙት ጣት የማይቀመስ ዋጋ ነበር፤ ጥሩሰው መዳፋቸውን ሊቧጭር እንኳ አልደፈረም። እጁ ከየካቲቱም ብሶ በላብ ርሶ ነበር። ኦቦ ዋሪዮ አልለቀቁትም።